እፍ የተባለበት ወረቀት

«እሺ፣ ያችን ሴትዮ ከየት አባቴ ላምጣላችሁ?»

ይህን ያሉት በምርመራ ተቋሙ መስኮት ፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ ናቸው። አልጮኹም፤ ጩኸታቸውን ባለፉት አምስት ሳምንታት ጨርሰውታል። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ የጀመረውን ዳቦ ከጠረጴዛው ሥር ሸሸግ አደረገና፣ አፉ ውስጥ ያለውን እስኪውጥ ጣቱን ሽቅብ ቀስሮ አስጠበቃቸው። «አባት፣ እኔን ምን አድርግ ይሉኛል? ውጤቱ ወጥቶ ለመርማሪው ተልኳል። ወርቁ በጠፋበት መሳቢያ እጀታ ላይ የልጅዎ ዲኤንኤ ተገኘ፤ እሱስ ይሁን፣ የቤቱ ሠራተኛ ናት፣ ስትወለውል ነክታዋለች። አብሮ ግን የሌላ ሴት ተገኘ። የእመቤቲቱ አይደለም፣ የልጆቿም አይደለም። እንግዲህ ልጅዎ ያችን ሴት ትናገርና ትውጣ።»

«ሌላ ሴት እቤቱ አልገባችም ትላለች እኮ።»

«አባት፣ ሰው ይዋሻል። ወረቀት አይዋሽም።»

እትዬ አይዞህ ይህን የሰማችው ጃንጥላዋን እያራገፈች በጎን በር ስትገባ ነው። በመስኮቱ ፊት የሚባለውን አለመስማት የሥራዋ አንዱ ክፍል ነበር። በየጧቱ እዚያ የሚያለቅስ አይጠፋም፤ ሁሉን ካዳመጡማ በልቶ ማደርም የለ። ዛሬ ግን «ወረቀት አይዋሽም» የምትለዋ ነገር ጆሮዋን ቆነጠጠቻት፤ ምክንያቱም የራሷ አባባል ናት። ጸሐፊው የተማረው ከእሷ ነው። አለፍ ብላ ኮሪደሩን ልትይዝ ስትል ዞር ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው። አጠር ያሉ፣ ንጹሕ ግን ክርናቸው የነተበ ኮት የለበሱ፣ በደረት ኪሳቸው የሰዓት ጠጋኝ አጉሊ መነጽር የሻጡ ሰው ናቸው። ከመስኮቱ ተመለሱና ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቀን ሙሉ እንደሚቀመጥ ሰው ኮታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

እትዬ አይዞህ ስሟ አይደለም። ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጣት ስትወጋ «አይዞህ፣ ጉንዳን ነከሰችኝ በል!» ስትል ኖራ፣ ሠራተኛው ሁሉ በዚህ ጠራት። የምትሠራው በኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው የናሙና ክፍል ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሦስቱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው፤ በአራተኛው በኩል ጠረጴዛዋና እርጥብ ወረቀት የሚሰጣበት የእንጨት መደርደሪያ አለ። ወረቀቱ እንደ ሠርግ መጥሪያ ወፈር ያለ፣ አራት ክብ የታተመበት ነጭ ወረቀት ነው። በክቡ ውስጥ ደም ይንጠባጠባል፤ ወይም መርማሪዎች ከወንጀል ቦታ ጠርገው ያመጡት እርጥብ ጥጥ ይጫንበታል። ከዚያ ወረቀቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ በራሱ ጊዜ ይደርቅና በወረቀት ፖስታ ይታሸጋል። አንዴ ከደረቀ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ መብራት ጠፋ ብሎ አይበላሽም፤ ዓመታት ቆይቶም ከክቡ የምስር ፍሬ የምታክል ብጣሽ ቢበሱለት የማን እንደሆነ ይናገራል። ጠላቱ እርጥበት ነው። እትዬ አይዞህ ናሙና በላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ የመጣ አንድ ጎረምሳ ፖሊስ ገጥሟት፣ «አንተ እዚህ ውስጥ ታሽገህ ብታድር አትሻግትም?» ብላ ከነከረጢቱ የመለሰችው ነገር እስከ ዛሬ ይወራል።

ጃንጥላዋን ጥግ አቁማ፣ ነጭ ጋዎኗን ሳታጠልቅ፣ መዝገቡን ገለጠች። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልነገረችም። የመሳቢያ እጀታ፣ የወርቅ ስርቆት፣ የቤት ሠራተኛ። ገጹን አገኘችው፤ ጽሕፈቱ የራሷ ነው። ናሙናው የገባበትን ቀንና ሰዓት ስታይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከሥራ መውጫ ሰዓት አርባ ደቂቃ ሲቀር የገባ ናሙና ነበር። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟት ነበር። ማስኩ መነጽሯን እያላበ አላሳይ ሲላት ወደ አገጯ አውርዳዋለች። ጥጡን ወረቀቱ ላይ ተጫነች፤ ወረቀቱ ረጠበ፤ ሁለት ሰዓት ይደርቅ ከተባለ አውቶቡሱ አምልጧታል። እናም ጎንበስ ብላ፣ ትኩስ ሾርባ ለልጅ እንደምታበርድ እናት፣ እፍ አለችበት። አንዴ አይደለም፤ ወዝ ወዝ ያለው ክብ እስኪፈዝ ድረስ እፍ፣ እፍ፣ እፍ። ከዚያ አሽጋ፣ ፈርማ፣ አውቶቡሱ ላይ ደረሰች። መቀመጫም አግኝታ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ነገሩ በግሳጼ ያልቅ ነበር። ሠራተኛም ሰው ነው፤ ያስነጥሳል፣ ያወራል፣ ፀጉሩ ይረግፋል። ለዚህም ሲባል ከሦስት ዓመት በፊት ከጥበቃው እስከ ኃላፊው ድረስ ሁሉም ሠራተኛ የራሱን ናሙና በወረቀት ሰጥቷል። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ዲኤንኤ ሲገኝ የምርመራ መሣሪያው በመጀመሪያ የሚያስተያየው ከሠራተኞቹ ጋር ነው፤ ከአንዱ ከገጠመ «እንትና አቆሸሸው» ይባልና ይሰረዛል። ታዲያ የዚህችኛዋ ለምን አልገጠመም? እትዬ አይዞህ መልሱን ታውቀዋለች። የሠራተኛውን ሁሉ ጣት የወጋችው እሷ፣ ወረቀቱን ያደለችው እሷ፣ የሰበሰበችው እሷ ነበረች። የእሷን ጣት የሚወጋ ግን አልነበረም። ራሷ ልትወጋው ሦስት ጊዜ መውጊያውን አነሳች፤ ሦስት ጊዜ ላብ አጠመቃት። የሰው ጣት ለመውጋት ዓይኗን የማታሽ ሴት የራሷን ጣት ፈራች። ለማን ይነገራል? ወረቀቱን በቦርሳዋ ይዛ እቤት ሄደችና የታናሽ እህቷን ጣት ወጋች። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ «የኔ ጣት የመርፌ ትራስ ነው፣ ያውልሽ» ብላ ስፌቷን እንኳ ሳታቆም ግራ እጇን ሰጠቻት። እትዬ አይዞህም በእህቷ ደም ላይ የራሷን ስም ጻፈች። ተሳሳቁበትም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ቀኑ እስኪጋመስ ሥራ ያዘች ቢባል ውሸት ነው። ሁለት ፖስታ አሽጋ በሁለቱም ላይ ቀኑን ተሳሳተች። አንድ ሐሳብ መጣላት፤ አሁኑኑ ጣቷን ወግታ አዲስ ወረቀት ብታዘጋጅና ከሠራተኞች መሳቢያ ውስጥ በድብቅ ብትቀይረውስ? መሣሪያው ግን ከሦስት ዓመት በፊት ያነበበውን አይረሳም፤ ወረቀቱ ቢቀየር እሱ ጋ ያለችው እህቷ ናት። ሌላም ሐሳብ መጣላት፤ ዝም ብትልስ? ጡረታዋ ሁለት ዓመት አልቀረውም። የሐሰት ናሙና የሰጠ ሠራተኛ ከሥራ እንደሚባረር የሚገልጸውን ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት፤ አራት ማዕዘኑንም በማስመሪያ ለክታ። እቤት ደግሞ የሁለት እህትማማቾች ኑሮ በዋናነት የቆመው በእሷ ደመወዝ ነው። ልጅቱም ብትሆን አንድ ቀን መፈታቷ አይቀርም ብላ ልቧን ልታባብለው ሞከረች። ልቧ ግን እምቢ አላት፤ አንዲት ሴት አምስት ሳምንት ሙሉ ያልነበረችን ሴት ስም አምጪ እየተባለች ነው። ያልነበረችው ሴት ደግሞ እዚህ ተቀምጣ ፖስታ ታሽጋለች።

ለምሳ ስትወጣ ሽማግሌው እንደተቀመጡ ናቸው። የጥበቃውን የእጅ ሰዓት ከፍተው ጭናቸው ላይ በተነጠፈ መሐረብ ላይ በትነውታል። አጉሊ መነጽሩን በአንድ ዓይናቸው ይዘው የሰዓቱን ሆድ ያያሉ፤ አቧራ ሲያዩ እፍ ይላሉ። እትዬ አይዞህ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ቤታቸው ከተቋሙ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ፤ ክፍሉን ለሁለት የከፈለው መጋረጃ እህቷ ከደንበኛ ትርፍራፊ ጨርቅ የሰፋችው ሲሆን፣ ግማሹ አበባ ግማሹ ባለ መስመር ነው። ወለሉ በክር ቁርጥራጭ ተሞልቷል። እህቷ መስኮቱ ሥር ከስፌት መኪናዋ ጋር ተቀምጣ ለአንድ ሆቴል የታዘዘ የትራስ ልብስ ትሰፋለች፤ አርባ ሰፍታ አሥራ ስድስት ይቀራታል። የሁለቱ ምሳ ሁልጊዜ ያው ነው፤ አንዷ ሩዙን ታሞቃለች፣ ሌላዋ ሳህን ታቀርባለች፣ ከዚያ የክር መወደድና የአከራዩ ልጅ ሞተር ብስክሌት ጩኸት ይነሳል። ዛሬ እትዬ አይዞህ ሳህኑን ሳታቀርብ ቆማ ቀረች። ቆማ እንደቀረችም ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችው፤ እፍ ማለቷን፣ ወረቀቱን፣ ሽማግሌውን፣ ልጅቱን። እህቷ የመኪናዋን ፔዳል አቆመች። 

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» አለች እህቷ። «የሰው ጣት ስትወጊ ጉንዳን ነው፣ ያንቺ ሲሆን ዘንዶ ሆነ?»

«ስቀሽ ነበር እኮ ያኔ።»

«ስቄያለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?» እህቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ጣቴን ስትወስጂ አልከፋኝም፣ እቱ። ስምሽን ስትጽፊበት ግን አየሁሽ። ፊደሉን እያሳመርሽ።»

እትዬ አይዞህ ምን እየተባለ እንደሆነ ገባት። በዚህ ቤት ለአርባ ዓመት ያልተነገረ ነገር ነው። አባታቸው የሁለቱን ማስተማር ሲያቅተው ከስድስተኛ ክፍል የወጣችው ታናሺቱ ናት። ታላቂቱ ተምራ ነጭ ጋዎን ለበሰች፤ ታናሺቱ የመጀመሪያውን ጋዎን ሰፋችላት። «ለእህትሽ ብለሽ ነው» ተብላ ነበር፤ እሷም ለእህቷ ብላ ኖረች፣ አንድ ቀንም አላነሳችውም። ይህን አለማንሳቷን እትዬ አይዞህ ይቅርታ አድርጋ ቆጥራው ነበር። ለካ ይቅርታና ዝምታ ለየቅል ናቸው። አፈረች፤ ፊቷ እስኪቃጠል አፈረች። ይቅር በይኝ ልትል አፏን ስትከፍት እህቷ ቀደመቻት።

«ሰውዬው አሁንም እዚያ ነው?»

«ተቀምጠዋል።»

«ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።» እህቷ ተነሣች፤ የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች። «ተነሺ። አብሬሽ እሄዳለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለሁት እኔ አይደለሁ?»

«ሥራዬን አጣለሁ እኮ።»

«ታጫለሽ። እዚህ አሥራ ስድስት ትራስ ይጠብቅሻል፤ ቁልፍ መትከል አስተምርሻለሁ። ያቺ ልጅ ግን የማታውቀውን ስም ከየት ታምጣ?»

የላቦራቶሪው ኃላፊ በዕድሜ የእትዬ አይዞህ ልጅ ሊሆን ይችላል። አዲስ ተቀጥሮ ሲመጣ የመውጊያ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ለዚህም በስብሰባ መሐል ሳይቀር «እትዬ» እያለ ይጠራታል። እህቷ በሩ ጋ ቆማ፣ እሷ ነገሩን እስክትጨርስ ሳያቋርጣት ሰማ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። «ሦስት ዓመት፣ እትዬ! በሦስት ዓመት ውስጥ ያልታወቀ ሴት የተባለበት መዝገብ ሁሉ እንደ አዲስ ሊመረመር ነው። ይህ ይገባሻል?» ይገባኛል አለች። «ሥራሽ ላይ እንደማትቆዪስ?» ይገባኛል አለች። ከማንም በላይ ያንቺን እጅ ነበር የማምነው አለ። እትዬ አይዞህን ከቁጣው ይልቅ ይህ ጎዳት። እጁን ዘረጋ፤ የናሙና ክፍሉን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። ቁልፉ የተንጠለጠለበትን ቀይ ጥብጣብ የሰፋችው እህቷ ነበረች፤ ሦስቱም ለአፍታ ጥብጣቡን አዩት።

በናሙና ክፍሉ ውስጥ ሁለት አዲስ ወረቀት ወጣ። ኃላፊው ራሱ ጓንት አድርጎ፣ ማስክ አጥልቆ ቆመ። በመጀመሪያ እህቷ ግራ እጇን እንደለመደችው ዘረጋች፤ ተወጋች፤ ዓይኗን አላሸችም። ስም የሚጻፍበት ቦታ ሲደርስ ኃላፊው እስክሪብቶ ሲያነሣ «እኔ ልጻፈው» አለች። ጻፈችውም። ፊደሏ የስድስተኛ ክፍል ፊደል ነው፤ ክብ ክብ ያለ፣ መስመሩን ሳይለቅ ቀስ ብሎ የሚሄድ።  ቀጥሎ የእትዬ አይዞህ ተራ ሆነ። መውጊያውን አነሣች፤ እንደ ድሮው ላብ አጠመቃት፤ ጣቷ ልክ የሌላ ሰው እንደሆነች ሁሉ ወደ ኋላ ትሸሻለች። እህቷ መውጊያውን ከእጇ ወሰደችው።

«አይዞሽ» አለቻት። «ጉንዳን ነከሰችኝ በይ።»

ጉንዳን አይደለችም። ያማል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን ስትዋሽ መኖሯን እትዬ አይዞህ ያኔ አወቀች። ደሙ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ክቡ ውስጥ ወደቀ፤ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን መደርደሪያው ላይ ተሰጡ። ሁለት ሰዓት ይደርቃሉ። ማንም ወደ እነሱ ጎንበስ አላለም።

እስከዚያ ድረስ ኃላፊው ለመርማሪው ደብዳቤ ሊጽፍ ቢሮው ገባ። እትዬ አይዞህ ጣቷን በጥጥ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ እህቷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ተከተለቻት። ሽማግሌው የጥበቃውን ሰዓት ገጣጥመው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። ፊታቸው ቆመች። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ጠፋባት።

«አባባ፣ የሚፈልጓት ሴትዮ እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩዋት። ስለ ናሙናው፣ ስለ ትንፋሿ፣ ስለ ሐሰቱ ወረቀት ነገረቻቸው፤ ከተረዱት ያልተረዱት ሳይበዛ አይቀርም። ተቆጥተው ቢሰድቧት ለመሰደብ ቆማ ነበር። እሳቸው ግን ሰዓቱን ከጆሯቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። 

«ስለዚህ ልጄ ሌላ ሴት አልነበረችም ስትል...»

«እውነቷን ነው፣ አባባ።»

«እኔም...» አሉ። አጉሊ መነጽሩን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። «ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ፣ እባክሽ ያችን ሴት ተናገሪ አልኳት። እኔ አባቷ።  ፊቷን አዙራ ገባች።» ከዚህ በኋላ አለቀሱ፤ ያለ ድምፅ፣ ሰው በተሰበሰበበት ኮሪደር፣ መሐረባቸው የሰዓት ዘይት ስለነካው በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። እትዬ አይዞህ ሥራዋን ያጣች ጊዜ ያልመጣላት እንባ አሁን መጣላት። አጠገባቸው ተቀመጠች። «በደልኩዎት፤ ልጅዎንም በደልኩ» አለች። 

«በወረቀት ስጡኝ» አሉ ሽማግሌው። «በአፍ ብነግራቸው አያምኑኝም። ለእሷም ማሳየት አለብኝ፤ እውነትሽን ነበር፣ ሳላምንሽ ቀረሁ ብዬ።»

ደብዳቤው ሊመሽ ሲል ወጣ። አጭር ነበር፤ ያልታወቀችው ሴት ናሙና ከሠራተኛ የመጣ ስለመሆኑ በቂ ጥርጣሬ ስላለ፣ ማረጋገጫው እስኪላክ ውጤቱ በማስረጃነት እንዳይያዝ የሚል ነው። ዋናው በጥበቃው እጅ ለመርማሪው ተላከ፤ ግልባጩን ኃላፊው ራሱ ይዞ መጥቶ በሽማግሌው ፊት ማኅተም መታበት። ከመስኮቱ ኋላ ጸሐፊው አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር፤ ዳቦውን ረስቶታል። ሽማግሌው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። አጉሊ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አድርገው መስመር በመስመር አነበቡት፤ «ሠራተኛ» የምትለዋ ቃል ጋ ሲደርሱ እትዬ አይዞህን አየት አደረጓት። ከታች የማኅተሙ ሰማያዊ ቀለም ገና እርጥብ ነው። ሰዓት ጠጋኝ ናቸውና እጃቸው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ወረቀቱን ወደ አፋቸው አቀረቡ።

እትዬ አይዞህ በሃያ ስድስት ዓመት ልማድ «ተው!» ልትል አፏን ከፈተች። እህቷ ክርኗን ያዝ አደረገቻት። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሽማግሌው እፍ አሉበት። ከዚያ በጣታቸው ነክተው አዩትና፣ ገና መሆኑን ሲያውቁ፣ ደግመው እፍ አሉበት።